ሳዛጋ

ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት፤ ኬሚ ወደብ ድፍን ጨለማ፣
የበረዶ መጥረጊያ መኪና ብቻ ከሩቅ የሚሰማ።
አውቶቡሴን አሞቃለሁ፣ መስታወቱን እፍቃለሁ፣
መሪውን እንደጨበጥሁ አፌን ከፍቼ አዛጋለሁ፤
አዛግቼም እደነግጣለሁ።
ሌላ ሹፌር ቢያዛጋ «ቡና አልጠጣም» ይባላል፤
እኔ ሳዛጋ ግን ከውስጤ አንድ እንግዳ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል።

እኅት አለችኝ፤ ቪየኖ። «እኅት» እንኳ ያንሳታል፤
አንድ እንቁላል ነበርን፤ ማን እንደከፈለን እንጃ፣ አንዱ ሁለት ሆኗል።
እናታችን እንዳትስት በግራ እግራችን ክር አሰረች፤
ለእኔ ሰማያዊ፣ ለእርሷ ቀይ አደረገች።
አንድ ቀን ስታጥበን ክሮቹ ተፈትተው ገንዳው ውስጥ ዋኙ፣
ሁለት ዕራቁት ሕፃናት ያለ ምልክት ተገኙ፤
ሳቀች አሉ፣ አሰበች፣ መልሳ በግምት አሰረች።
እንግዲህ ሄልካ ማን ናት? ቪየኖስ የትኛዋ ነበረች?

በአሥራ አራት ዓመታችን፣ በየካቲት፣ የአክስታችን እግር ተሰበረ፤
አንዳችን ሄደን እንድንረዳት አባታችን ሳንቲም ወረወረ።
ሮቫኒየሚ ለእኔ ወጣ፤ ለእርሷ ቤት መቅረት።
ሦስት ሳምንት ነበር፤ ሦስት ሳምንት።
በዚያ መሀል ከትምህርት ቤት ትኩሳት ተከትሏት ገባ፤
ጉሮሮዋን ዘጋት፣ ላብ አጠባት፣ ሌሊቱ ስትቃዥ ጠባ።
ከዚያ ዳነች።
ዳነች አሉ።

ስመለስ ባቡር ጣቢያ ጠበቀችኝ፣ የሱፍ ኮፍያ አድርጋ፤
ነገርኋት፦ የአክስታችን ውሻ የቄሱን ጓንት እንደዋጠ፣ ቄሱም ሲፈልግ እንዴት እንደነጋ።
ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ ጉልበቷ ከዳት፣
እንደ እርጥብ ካፖርት ከእጄ ሾልካ መሬት ተቀበላት።
ዓይኗ ክፍት። ሁሉን ትሰማለች። ጣት ማንሳት ግን አልሆነላት።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ ሰዓት አይጠይቃትም፤ ሾርባ እየጠጣች፣
በሂሳብ ፈተና መሀል፣ አንዴም ብስክሌት ላይ ሆና ተኛች።
መምህሩ እርሷን «ሰነፍ» አላት፤ እኔን በዚያው ወር ሸለመኝ፤
ያንን የሽልማት እርሳስ በያዝሁ ቁጥር ጣቴን አመመኝ።

ዶክተር ፒህላቪስቶ ሁለታችንን በሽቦ ጠላልፎ አስተኛን፤
ጠዋት ወረቀቱን ዘርግቶ እንዲህ ብሎ አስረዳን፦
«ዘረመላችሁ አንድ ነው፤ የሁለታችሁም በር አንድ ዓይነት በር ነው፤
የእርሷን ነፋስ ገፋው፤ የአንቺን አልገፋው።
እንድንነቃ መብራት የሚያበሩ ጥቂት ሴሎች አንጎል ውስጥ አሉ፤
የገዛ ሰውነቷ ዘበኞች ጠላት መስለዋቸው እነርሱን ገደሉ።»
«ነፋሱ የትኛው ነው?» «ትኩሳቱ ይሆናል። ሌላም ይሆናል።»
«ለእኔስ?» «ላይመጣ ይችላል።»
ከመቶ ስንት እንደሆነም ነግሮኝ ነበር፤ መኪና ማቆሚያው ጋ ስደርስ ረሳሁት፤
ሳንቲሙን ግን አልረሳሁት።

ቪየኖ ቤተ መጻሕፍት ትሠራለች፤ በቀን ሁለቴ ትተኛለች፣
መድኃኒቷን ትውጣለች፤ ከሐዘን ይልቅ ሳቅን ትፈራለች፦
በአባታችን ቀብር ጸንታ ቆመች፤
ቄሱ ሲያስነጥስ ወደቀች።
እኔም ሠላሳ ዓመት ከቀልድ ጾምሁ፤
ቤቷ በሄድሁ ቁጥር ፊቴን አጨልሜ ስለ አየር ጠባይ አወራሁ።
አውቶቡስ ውስጥ፣ ከራሴ በላይ ባለው መስታወት፣ ፊቷን አየዋለሁ፤
መንገዱን ብቻ አይደለም፣ እንዳትተኛብኝ እርሷንም እጠብቃለሁ።

ትናንት ማታ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለችና «በይ ፍቺ» አለችኝ፤
«ጹሚልኝ ያልሁሽ መቼ ነው? የውሻውን ንገሪኝ።»
ነገርኋት። ጓንቱ ጋ ስንደርስ ራሷ ጭኔ ላይ ወደቀ፤
ፊቷ እንደ ሰም ቀለጠ፤ ዓይኗ ብቻ ሳቀ።
እኔም፣ ሳላስበው፣ አዛጋሁ።
እንደምታየኝ አውቄ አፌን በእጄ ከደንሁ።
ከንፈሯ ሲመለስላት፣ «ተኚ» አለች፣ «እኔ ነቅቻለሁ።»

አልተኛሁም፤ አውቶቡሱ አለብኝ።
ካልሲዬን በዳበሳ አጠለቅሁ፤ ሰማያዊው ይሁን ቀዩ፣ በጨለማ አልለይ አለኝ።